ገጀራው ሄደ፣ ዶማው ቀረ

ባሌን ተከትዬ በረሃ የወረድኩት ለላሞቹ ብዬ አይደለም። ላም ሞታም ትተካለች። እኔ የፈራሁት የሱን፣ የአስር አለቃ ወልደሥላሴን፣ እጅ ነበር። ሠራዊቱ እሱን ጡረታ ሲያወጣው እጁን ጡረታ አላወጣለትም። መጠጥ ቤት ውስጥ የሰው ጥርስ አራግፏል፣ መናኸሪያ ላይ የረዳት መንጋጋ ሰብሯል፣ በየሽምግልናው እየተጎተተ እዚህ ደርሷል። ደግ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ግን ደግነቱ የት እንደሚገባ እንጃ። በዚያ የድርቅ ዓመት፣ ጥም ሰውንም ከብቱንም ባሳበደበት ጊዜ፣ ብቻውን ብለቀው ወይ ገድሎ ወይ ተገድሎ እንደሚቀር ልቤ ነግሮኛል። ስለዚህ ሱቄን ዘግቼ ተነሳሁ። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ሰውዬውን በደህና ይዞ መመለስ።

ላሞቻችን ሊበን ገጠር፣ ፋይዳ ከምትባል ወዳጃችን ዘንድ ነበሩ። እኛ ነገሌ ካምፑ ጥግ የምንኖር የወታደር ቤተሰቦች ግጦሽ ከየት እናመጣለን? ከብት ስንገዛ ለአርብቶ አደር ወዳጅ እንሰጣለን፤ ወተቱ ለጠባቂው፣ ጥጃው ለባለቤቱ። ፋይዳ በጭነት መኪና ተንጠልጥላ ከተማ መጣችና ባሏ ብርቱ ብርቱዎቹን ይዞ ወደ ዳዋ ወንዝ መሄዱን፣ የደከሙት ግን፣ የኛም የሷም፣ እዚያው መቅረታቸውን ነገረችን።

"ጥልቁ ኤላ ድረስ ካልነዳናቸው ያልቃሉ፣ አዴ ትርንጎ" አለችኝ። ኤላ የሚሉት የውሃ ጉድጓዱን ነው። "አንዷ ስትወድቅ ብቻዬን ደግፌ አላነሳትም።"

እኔ ነገሌ ገበያ የምሸጠው ብረት ነው፤ መጥረቢያ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ ማጭድ፣ ገጀራ። እና ለመንገዱ ምን እንያዝ በሚለው ላይ ከባሌ ጋር ሱቁ ውስጥ ተጨቃጨቅን። ትከሻችን የሚሸከመው ውሃ ነው፤ ከጀሪካኑ በላይ የሚጨመር ብረት ቢኖር አንድ ነው።

"ዶማ" አልኩት። "የደረቀ ወንዝ አሸዋ ትቆፍርበታለህ፣ ሥር ትነቅልበታለህ፣ በጀርባው ካስማ ትመታበታለህ።"

"ዶማ ይዤ ግራር ላይ ልውጣ? ለላሞቹ ቅርንጫፍ የሚያወርድ፣ እሾህ የሚመነጥር፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ የሞተችውን የሚገፍ ገጀራ ነው። አንድ ለሁሉ።"

"ሰውስ?"

"ሰው ከመጣ ሰውም" ብሎ ሳቀ።

"ለዚህ እኮ ነው ዶማ ያልኩህ! አንተ ዶማ አንስተህ እስክትሰነዝር ሽማግሌ ይደርሳል።"

ፋይዳ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እሱ ግን ከመደርደሪያው ላይ ገጀራዎቹን እያወረደ፣ ስለታቸውን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ጫፋቸውን ወለል ላይ ተክሎ እያጎበጠ፣ ጎብጦ የሚቀረውን እየጣለ፣ በመጨረሻ አንዱን ያዘ። ምርጡን ነው የመረጠው። ወታደር መጥፎ ብረት አይመርጥም። ዶማዬን ከበሩ ጀርባ አቁሜ ቆለፍኩ።

እውነቱን ለመናገር ገጀራው ያላደረገው ነገር አልነበረም። የግራር ቅርንጫፍ አወረደ፣ ላሞቹ እየበሉ ተንቀሳቀሱ። ጀሪካን ለሁለት ቆርጦ ማጠጫ ሠራ። አንዲት የፋይዳ ላም ወድቃ አልነሳ ስትል፣ በጭራዋና በቀንዷ ይዘን ብንጎትት አንገቷ ብቻ ሲዞር፣ ባሌ አማተበና በአንድ ምት ገላገላት። ደሙ እንኳ ጥቂት ነበር። ፋይዳ አላለቀሰችም፤ "ናጋ"፣ በሰላም ብላ እጇን የላሚቱ ጭንቅላት ላይ አሳረፈችና ጉዞዋን ቀጠለች።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ጅብ መጣ። ድርቅ ሲበዛ ጅብም ያፍራል የሚባል ነገር የለም። በቀን ብርሃን ከላሞቹ ጋር የነበረችውን ጥጃ ሆዷ ስር ነክሶ ጣላት። ባሌ ሮጦ ገጀራውን ወገቡ ላይ አሳረፈበት፤ አከርካሪው ሲሰበር እኔ ካለሁበት ተሰማኝ። ጅቡ በፊት እግሮቹ እየዳኸ ለማምለጥ ሲሞክር ባሌ ተከትሎ ደጋገመው፣ ከሞተም በኋላ ደጋገመው። ሲመለስ ፊቱ ላይ የደም ነጠብጣብ ነበር፣ ይስቅ ነበር። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ።

"በቃ፣ አስር አለቃ" አልኩት። "ሞቷል።"

"አየሽ? በዶማሽ ቢሆን?" አለኝ።

ጥጃዋ በሕይወት ነበረች፤ ግን ሆዷ ተከፍቷል። እሷንም በዚያው ብረት ጨረሳት።

ኤላው ጋ ስንደርስ መሬቱ በከብት ተሸፍኗል። ጉድጓዱ በጣም ጥልቅ ነው፤ ከአፉ እስከ ውሃው ድረስ ወንዶች አንዱ ካንዱ በላይ ደረጃ ደረጃው ላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ። ከሰንሰለቱ አንድ ሰው ከጎደለ ውሃው አይወጣም። ተራ የሚያከፋፍሉት አባ ሄረጋ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። "አካም፣ ናጋያ?" ብለው ተቀበሉን፤ ፋይዳ የማን ወገን እንደሆነች ጠየቁና ተራችን በገንዳው ላይ ካሉት ከብቶች ቀጥሎ መሆኑን ነገሩን። ፍርድ ነው። ከዚህ የተሻለ ምን ይጠበቃል?

ግን ዳለቻ፣ ባሌ እንደ ልጅ የሚያያት ላም፣ የውሃውን ሽታ ስትሰማ ጉልበቷ ከዳት። ተንበረከከች። ባሌ ተራ የሚባለውን ረሳ። ቀንዷን ይዞ አነሳት፣ በትከሻው እየገፋ የሰው ከብት መሀል ሰንጥቆ ገንዳው ላይ አደረሳት።

ገንዳውን የሚጠብቀው ጃተኒ የሚባል ረጅም ወጣት ነበር፤ የሰንሰለቱ ሰው ነው፣ አረፍ ሊል ወጥቶ ነው። "ዱባቲ! ወደ ኋላ!" አለ። ባሌ አልሰማም። ጃተኒ የዳለቻን አፍንጫ በበትሩ መታ፤ ላሚቱ ተገልብጣ ወደቀች።

ባሌ ገጀራውን መዘዘ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የመጀመሪያው ምት የጃተኒን በትር ለሁለት ቆረጠው። ከጉድጓዱ አፍ ቦሩ የተባለው ታላቅ ወንድሙ ዘልሎ ወጣ፣ ከኋላው ሌላኛው ወንድም። የቦሩ በትር የባሌን ግንባር ሰነጠቀው። ደም ዓይኑን ሸፈነው፤ እሱ ግን አልወደቀም፣ ገጀራውን በአየር ላይ እያፏጨ እያዞረ አላስጠጋ አላቸው። ሌሎችም ዱላ ይዘው እየሮጡ መጡ። "ተው! ወልዴ፣ ተው!" እያልኩ እጮሃለሁ፤ ማን ይሰማኛል?

ያኔ ፋይዳ ሲንቄዋን ከፍ አድርጋ መሀላቸው ገባች። ሲንቄ ያገባች ሴት ብቻ የምትይዘው ቀጭን በትር ነው። የነገሌ ገበያ ሴት ሆኜ ስለኖርኩ አውቃለሁ፤ ሴት ሲንቄ ይዛ መሀል ከገባች ጠብ ይቆማል። ያንን ተሻግሮ የሚመታ ወንድ በዚያ አገር እርጉም ነው። ጃተኒ ወዲያው እጁን አወረደ። ቦሩ በትሩን መሬት ላይ ጣለ። ሁሉም እንደ ቆመ ቀረ፣ ደረቱን ሰጥቶ፣ እጁን አውርዶ።

ባሌ ግን ዕድሜውን ካምፕ ውስጥ ነው የፈጀው። ስለ ሲንቄ ማንም አልነገረውም፣ እሱም ጠይቆ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ በሰከረ ቁጥር የሚደጋግመው፤ ጠላት ሲያመነታ ምታ። በደሙ መሀል ያየው የተከፈተ ደረትና የወረደ እጅ ነው። በፋይዳ ትከሻ ላይ አሻግሮ መታ።

ገጀራው የገባው በጃተኒ አንገትና ትከሻ መሀል ነው። አጥንቱ ላይ ሲያርፍ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የሚፈለጥ እንጨት ድምፅ ነው የሰማሁት። ጃተኒ አልጮኸም። ፋይዳን አየ፣ በትሯን አየ፣ ያላመነ ሰው ፊት ነበረው፤ ከዚያ ተቀመጠ። ክንዱ አብሮት አልተቀመጠም፣ ወደ ጎን ተንጠለጠለ።

ቦሩ ባዶ እጁን ወደ ባሌ ሄደ፤ በጥርሱም ቢሆን ይጨርሰው ነበር። ፋይዳ ዞረችና ጀርባዋን ለባሌ ሰጥታ ሲንቄዋን በቦሩ ደረት ፊት አቆመች። እንባዋ እየወረደ፣ ባሌን በኦሮምኛ እየረገመች፣ በበትሯ ግን እሱኑ ከለለችው። ቦሩ ቆመ። አላለፈም።

ባሌን በጥፊ መታሁት። "ጣለው!" አልኩ። ጣለው። አነሳሁት።

ቁስሉ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አልነበረም። ነጠላዬን ጎሰጎስኩበት፣ ራሰ። ሌላ ጨርቅ ጨመሩልኝ፣ ራሰ። ገጀራውን ለከብት መተኮሻ ያነደዱት ፍም ውስጥ ከተትኩት። ብረቱ ሲቀላ ወንድሞቹ ያዙልኝ፤ እኔም በጠፍጣፋው በኩል ቁስሉ ላይ ተጫንኩት። ሥጋው ጮኸ፣ ጃተኒም ጮኸ፣ ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ደጋገምኩት። ደሙ ቆመ፣ ወይም የቆመ መሰለ። ሞተር ሳይክል ያለው ሰው መኪና ሊጠራ ወደ ከተማ በረረ፤ ጃተኒን ራሱን በሞተር ብንወስደው ቁስሉ ይከፈታል አሉ።

አባ ሄረጋ ከብቶቹን አዩ። በየሥፍራው ይወድቁ ጀምረዋል፣ ሕፃናት ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

"የደም ነገር ከውሃ በኋላ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ክንድ ጎድሎታል። የቆረጠው ሰው ክንዱን ያምጣ።"

"አባቴ፣ እዚያ ውስጥማ ይገድሉታል!" አልኳቸው። "በልጅዎ ይዤዎታለሁ!"

"ሲንቄዋ እዚያ እስከቆመች ማንም አይነካውም" አሉ። ፋይዳን ተመለከቱ። ፋይዳ ሄዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ በትሯን ይዛ ቆመች።

ባሌ ሸሚዙን አወለቀ። ምን እንዳደረገ ቀስ በቀስ እየገባው ነበር። "ትርንጎ፣ እኔ እኮ..." አለ።

"ውረድ" አልኩት። "ውሃ አውጣ።"

ከላዩ ቦሩ፣ ከታቹ ሌላኛው ወንድም። እንደዚያ ነው የገባው። አንዱ እጁን ቢለቅ፣ አንዱ ድንጋይ ቢገፋ፣ አበቃ። ባልዲው ሲነሳ ዘፈኑ ጀመረ። ግጥሙን ስለማያውቀው ተራው ሲደርስ "ሆ!" ብቻ ይላል፤ ያቺን "ሆ" እየጠበቅኩ እስትንፋሴን እይዛለሁ። ውሃው ገንዳው ውስጥ ይፈስ ጀመር። ከብቱ አገሣ።

እኔ ከጃተኒ አጠገብ ነበርኩ፣ መዳፌ ደረቱ ላይ። ውሃ በጨርቅ ነክሬ ከንፈሩን አረጠብኩለት። አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ "አዮ" አለ፤ እናቴ ማለቱ ነው። "አለሁልህ፣ ልጄ" አልኩት። ነጠላዬን ሳነሳ ከስር ያለው አሸዋ ሁሉ ደም ጠጥቶ ነበር። የተኮስኩት ላዩን ብቻ ነው፤ በውስጥ ሲፈስ ኖሯል። ከዚያ ደረቱ ከመዳፌ ስር መነሳቱን ተወ።

በጃተኒ አገርም በኔም አገር ሰው ሲሞት እሪ ይባላል። ሬሳ ላይ ዝም ማለት ነውር ነው። ጩኸቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። "ሆ!" አለ ባሌ ከጉድጓዱ ውስጥ። ጩኸቱን ዋጥኩት። ለሟቹ ነው ወይ ለኔ ያለቀስኩት፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ አላውቅም። ፋይዳ ቀና ብላ አየችኝና ገባት። በትሯን ግን አላወረደችም። እኔም ዝንብ እያባረርኩ ሟቹን "አይዞህ፣ መኪናው እየመጣ ነው" እለዋለሁ።

የኛም ተራ ደረሰ። ዳለቻን ሰዎች ደግፈው አቆሙልኝ፤ ጠጣች። ከዚያ ዘፈኑ ቆመ፣ ወንዶቹ ከላይ ጀምረው መውጣት ያዙ። ቦሩ ቀድሞ ወጣ፣ ውሃና ላብ እየተንጠባጠበበት።

"እንዴት ሆነ?" አለኝ በአማርኛ።

መዋሸት እችል ነበር። አፌ እምቢ አለኝ። "ባሌ ይውጣና እነግርሃለሁ" አልኩት።

አየኝ። እጄን የወንድሙ ደረት ላይ አየ። ወደ ጉድጓዱ ዞረ፤ የባሌ ጣቶች ጠርዙን ይዘው ነበር፣ አንድ ርግጫ ይበቃቸዋል። ፋይዳ በትሯን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊቱ ቆመች። ቦሩ ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን ተመለከተ። ከዚያ ጎንበስ አለ፣ የባሌን እጅ ያዘ፣ ጎትቶ አወጣው፤ እንዳወጣውም ለቀቀውና እየጮኸ ወንድሙ ላይ ወደቀ።

ባሌ ጩኸቱን ከራሱ ጋር አላገናኘውም፤ ፀሐዩ ዓይኑን አጥበርብሮታል፣ በጭቃ ተለውሷል፣ እየሳለ ዓይኑን ጠራርጎ ፈለገኝ።

"ላሞቹ ጠጡ?" አለኝ።

"ጠጡ" አልኩት።