ንስሩ የነደፈው ጸጥ ያለ መንገድ

በፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ደህና ወንበር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የንስሩ ነው። ሌሎቹ የብስክሌት ማኅበሩ አባላት በወረቀት ካርቶን ላይ፣ በተበላሸው ማተሚያ ላይ፣ ቦታ ያጣም በበሩ ደፍ ላይ ይቀመጣሉ። ንስሩ ወንበሩን ያገኘው ቤቱ የራሱ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። በታሪኩ ነው ያገኘው። በጎረምሳነቱ ከከተማው ጀርባ ያለውን ተራራማ አገር፣ ፍሬን በሌላት ብስክሌት፣ የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ሙሉ የሰው ድምፅ ሳይሰማ ብቻውን አቋርጦታል። ተኩላ ቢያባርረው፣ ደክሞት የተመለሰው ተኩላው ነው። አንዱን ቁልቁለት ሲወርድማ ከፍጥነቱ የተነሳ ጥላው ወደ ኋላ ቀርታበት፣ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ጠብቋታል። ስትደርስ ላብ አጥምቋት ነበር። ስሙም መሪነቱም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ይህ ታሪክ ቢወሰድበት ንስሩ የሚቀረው ቦርጭና ፎቶ ኮፒ ማሽን ብቻ ነው።

እውነቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ራሱ ንስሩ ነው፤ እሱም ቢሆን እየረሳው መጥቷል። ሁለተኛዋ ገጠር ያለችው አክስቱ ናት። ንስሩ በዚያ ዕረፍት የመጀመሪያዋ ዳገት ላይ ወድቆ ጉልበቱን ተላጠ፤ የቀረውን ጊዜ አክስቱ ቤት አልጋ ላይ ተጋድሞ በማንኪያ ሾርባ ሲጋት ከረመ። ብስክሌቷ ላይ ዶሮ ሰፍሮባት ነበር።

እንግዲህ ማኅበሩ «ዘንድሮ ረጅም መንገድ እንሂድ፤ ጸጥ ባለ ገጠር፣ ከተራራ ተራራ» ብሎ በተነሳ ጊዜ፣ መንገዱን ማን ይንደፍ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ዞሮ ወንበሩን አየ።

ንስሩ ካርታውን ግድግዳው ላይ ለጠፈና አሰመረ። መስመሩ ከከተማው ወጥቶ በጥድ ደኑ አለፈ፤ በሁለቱ ሐይቆች መሃል ሾለከ፤ አክስቱ መንደር አጠገብ ሲደርስ ግን ውሃ እንደ ነካት ድመት ደንግጦ ወዲያ ማዶ ዘለለ።

ይሁን እንጂ ማኅበሩ አንድ ወግ አለው። እያንዳንዱ አባል ቀይ ማርከር ይዞ የማይወደውን አንድ ቦታ ይሰርዛል፤ «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። መንገዱን የነደፈው ሰው ግን አይሰርዝም። ሕጉን ያወጣው ንስሩ ራሱ ነው፤ ፍትሐዊ መስሎ መታየት ነፍሱ ነው።

ፋርማሲስቷ ተነስታ የጥድ ደኑን ሰረዘች። ታክሲ ነጂው የሐይቆቹን መሃል ሰረዘ፤ እዚያ የቀድሞ አማቱ እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልጠየቀም። ባለ ልኳንዳው ብዙ ካሰበ በኋላ ወዲያ ማዶውን እንዳለ ሰረዘው።

«እንግዲህ የቀረችው ይቺ መንደር ናት» አለች ፋርማሲስቷ፣ ጣቷን ልክ የአክስቱ ጣሪያ ላይ አሳርፋ።

ንስሩ ከወንበሩ ተነሳ። «እሷንማ ተዉአት! ጫጫታ ናት። ጸጥታ አይደል የፈለግነው?»

«አንተው አይደለህ እንዴ በዚያ ሳልፍ የሰው ድምፅ አልሰማሁም ያልከው?»

«ያኔ ነዋ! ተኝተው ነበር።»

«ዕረፍቱን ሙሉ?»

ንስሩ ወሬውን ቀየረ። «ከሰዎቹ ይልቅ ንቦቹ ናቸው ችግሩ። እያንዳንዷ ንብ የድመት ግልገል ታህላለች። በር አንኳኩተው ነው የሚገቡት።»

የታክሲ ነጂው ዓይን በራ። «አትለኝም!»

«ውሃዋስ? የጠጣ ሰው ፀጉሩ ይረግፋል።»

«እኔ ምን ቀረኝና!» አለ ባለ ልኳንዳው፣ መላጣውን እያሻሸ።

«ከብስክሌት ጎማ በቀር የማይበላ ወይፈንም አለ» አለ ንስሩ፣ ድምፁ እየሰለለ።

ሌላ ማኅበር ቢሆን ይፈራ ነበር። ይህ ማኅበር ግን በንስሩ ቅጥፈት ተኮትኩቶ ያደገ ነው።

«በቃ!» አለ ታክሲ ነጂው ካርቶኑ ላይ ዘሎ ቆሞ። «ወንድ ከሆንን በዚያው ነው!»

«ካልሆንስ?» አለች ፋርማሲስቷ።

«አንቺማ ቀድመሽን ትደርሻለሽ።»

ወጡ። መንገዱ እንደ ተባለውም ጸጥ ያለ ነበር፤ የሚሰማው የንስሩ ማለክለክ ብቻ ነው። ዳገት በመጣ ቁጥር ንስሩ ከብስክሌቱ ይወርዳል።

«ምነው ወረድክ?» ይለዋል ታክሲ ነጂው።

«አፈሩን በእግሬ እያየሁት ነው።»

ሁለተኛው ዳገት ላይ ጭራሽ ድንጋይ ላይ ተዘረፈጠ። «ነፋሱን እያዳመጥኩ ነው» አለ። ባለ ልኳንዳውም ወርዶ ጆሮውን ቀሰረ። ትንሽ ቆይቶ፣ «እውነትም!» አለ።

ንስሩ በሆዱ ይማጸን ነበር። አክስቴ ገበያ ትሂድ፣ አክስቴ ትተኛ፣ ቢያንስ ቢያንስ ድምፅዋ ይዘጋ።

መንደሩ ሲደርሱ አንዲት ንብ እንኳ አልነበረችም። «ሰምተውን ሸሽተዋል» አለ ንስሩ። አክስቱ ግን አልሸሸችም። አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ስታየው እርጥቡን አንሶላ አፈር ላይ ጣለችው።

«ድንቡሼ! ድንቡሼዬ መጣልኝ!» አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አገላብጣ ሳመችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ዳሰሰች። «ዳነልህ ወይ ልጄ? አይ ያኔ! ሰዎች፣ ይኸውላችሁ እዚያች ዳገት ላይ ወደቀና ዕረፍቱን በሙሉ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አላለም። ሽንት ቤት እንኳ እኔው ነበርኩ ደግፌ የምወስደው።»

ማኅበሩ ሲፈልገው የከረመው ጸጥታ ያኔ ተገኘ።

«ንስሩ፣ ምንድነው የሚሉት?» አለ ታክሲ ነጂው።

ንስሩ የሦስቱን ፊት አየ። «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ቢያወጣ ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ድንቡሼ ነው። እጁን ከአክስቱ መዳፍ ውስጥ ቀስ አድርጎ መዘዘ።

«እማማ አርጅተዋል» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ከሌላ ልጅ ጋር አምታተውኝ ነው። ሰው ይረሳሉ።»

«ውይ፣ ምስኪን!» አለች ፋርማሲስቷ። «እማማ፣ መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ?»

ሁሉም እፎይ አሉ። ባለ ልኳንዳው እንዲያውም ለአሮጊቷ እንባው ቅርር አለ።

አክስቱ የሰውን ይቅርና የጎረቤቱን ዶሮ ዘር ማንዘር ቆጥራ የምትነግር ሴት ናት። ንስሩን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ አንሶላውን ከአፈሩ አንስታ አራገፈች።

«እውነት ነው» አለች። «አርጅቻለሁ። እረሳለሁ። ግቡ ልጆቼ፤ ደክሟችኋል። አልጋም አለ፣ ትኩስ ድንችም አለ።»

ሦስቱ ገቡ። ንስሩ ሊከተል ሲል የአክስቱ ክንድ በሩ ላይ ተጋደመ።

«እርስዎን ግን አላወቅኩዎትም።»

«አክ... እማማ...»

«ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ የማላውቀውን ወንድ አላስገባም።»

«እኛንስ ያውቁናል እንዴ?» ብሎ ሳቀ ታክሲ ነጂው ከውስጥ።

«እናንተን ገና አሁን ተዋወቅኳችሁ፤ በምን አፍታ እረሳችኋለሁ?»

«አይጨነቁለት እማማ! እሱ ጣሪያ ሥር ማደር አይሆንለትም። የዱር ሰው ነው!»

«እንግዲያስ እሰየው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ባለ ልኳንዳው በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ታድለህ!» ብሎት ተመለሰ።

ሰማዩ ጠቆረ። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የአክስቱ ነው። አንድ ወፍራም የዝናብ ጠብታ ማጅራቱ ላይ አረፈ፤ የጠብታው ጓደኞችም ተከተሉት። ንስሩ ትንሽ ታገሰ። ከዚያ በጣቱ ጫፍ አንኳኳ።

«ማነው?» አለች አክስቱ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ውስጥ ሳቁ ቆመ። ማንኪያዎቹም ቆሙ። ሦስቱ ሰዎች አፋቸውን በድንች ሞልተው ጆሯቸውን እንደ ቀሰሩ ሳያያቸው አወቀ። በበሩ ስንጥቅ የወጣው ሙቀት አፍንጫውን ነካው።

«ንስሩ» አለ።

በሩ አልተከፈተም፤ ማንኪያዎቹ ቀጠሉ።