የሩቲ ዋስ

ስልኩ ሲጮኽ ኪዱ ሰባተኛ ለ ክፍል ገብቶ ክፍልፋይ እያስተማረ ነበር። ክፍል ውስጥ ስልክ አንስቶ አያውቅም፤ ተማሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ከሚስቱ ከሩቲ ጋር ከተነጋገረ ግን አሥራ ስምንት ቀን አልፎታል። የማያውቀው ቁጥር መሆኑን ሲያይ ጠመኔውን እንደያዘ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«የሃምሳ አለቃ ሩት ሀብተሥላሴ ባለቤት ነዎት?» አለ የወንድ ድምፅ።

«አዎ፣ ነኝ። ምን ተፈጠረ?»

«ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ወዳለው የመከላከያ ቢሯችን ይምጡ። መታወቂያ እንዳይረሱ።» ሰውየው የሕንፃውን ምልክትና ፎቁን ነገረው።

«ይቅርታ፣ ማለቴ... ደህና ናት?»

«ጉዳዩ በስልክ አይነገርም። ሲመጡ ይረዱታል» አለና ዘጋው።

ኪዱ መልሶ ደወለ። ተይዟል። ደገመ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ወደ ክፍሉ ተመልሶ ሰሌዳውን ሲያይ የቱን በየቱ ሊያካፍል እንደነበር ጠፋው። «ቀሪውን የቤት ሥራ አድርጉት» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሩቲ የመከላከያ ነርስ ናት። ሲተዋወቁ ዩኒፎርሙን ለብሳ ነው ያገኛት፤ ሲጋቡ «ስድስት ዓመቴን ልጨርስና እወጣለሁ፣ ከዚያ የራሳችንን ቤት እናቆማለን» ብላው ነበር። ስድስቱ ዓመት ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል። ልጃቸው ሉሊ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት እናቷ ወደ ጦር ክፍሏ ተመለሰች። አሁን ሉሊ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሩቲ ቤት የመጣችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

የሚኖሩት ካዛንቺስ፣ በሩቲ እናት በወይዘሮ ጀማነሽ የቀበሌ ቤት ነበር። ከታች በኩል ያለው መንደር ፈርሶ አልቋል። አሁን ተራው የእነሱ ሆኖ፣ በምትኩ አራብሳ ካለው ኮንዶሚኒየም ሊሰጣቸው ነው። ዕጣው የሚወጣው ደግሞ ነገ ሦስት ሰዓት፣ ወረዳው አዳራሽ ውስጥ ነው። ቤቱ በወይዘሮ ጀማነሽ ስም ቢሆንም ወረቀቱን ሁሉ ይዞ ሲመላለስ የከረመው ኪዱ ነው። እሳቸው ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ምድር ቤት እንዲሰጧቸው ማመልከቻ አስገብቷል፤ ነገ ስማቸው ሲጠራ ተነስቶ ይህን ማስታወስ ያለበትም እሱ ነበር። ሦስት ሰዓት እዚህ፣ ሦስት ሰዓት እዚያ።

ወደ ቤት ሲሄድ ጎረቤታቸውን ቡዜን አሰበ። ወታደር የነበረው የቡዜ ወንድም ሲሞት መርዶውን ቤት ድረስ ሽማግሌ ይዘው መጥተው ነው ያረዷት። ስለዚህ ለሞት በስልክ አይጠሩም ማለት ነው፤ በዚህ ተጽናና። ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። ጠፍታ ከሆነስ? ለጠፋ ሰው ሽማግሌ አይላክም። መጀመሪያ ባል ተጠርቶ ይጠየቃል፤ መጨረሻ መቼ ደወለች፣ ምን አለች እየተባለ። መጨረሻ ስትደውል ምን ነበር ያለችው? የሉሊን የጥርስ ሕመም ጠየቀች፤ ዕጣው መቼ እንደሆነ ጠየቀች፤ «አይዞህ» አለች። ለምን ነበር አይዞህ ያለችው?

ያን ማታ ለአማቱ ምንም አልነገራቸውም። ሉሊ «እማ ዛሬ ትደውላለች?» ስትለው «ኔትወርክ ካገኘች» አላት፤ እንደ ሁልጊዜው።

ጠዋት ወረቀቶቹን ይዞ ብቅ ሲል ወይዘሮ ጀማነሽን ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው።

«እማማ፣ ትምህርት ቤት ድንገተኛ ስብሰባ ጠርተውናል። ዕጣውን እርስዎ ቢያወጡስ? ቡዜ አብራዎት ትሄዳለች።»

ሴትየዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ከመቼ ወዲህ ነው ለስብሰባ ሱፍ የምትለብሰው?»

ኪዱ የሱፉን ቁልፍ ነካካ።

«ልጄ ምን ሆና ነው?»

«አላውቅም እማማ። እውነቴን ነው። ደውለው ና አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም።»

ወይዘሮ ጀማነሽ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። ኪዱ ሊያለቅሱ ነው ብሎ ሲጠብቅ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ወረቀቶቹን ከእጁ ወሰዱ።

«ሂድ። የቤቱን ነገር ለእኔ ተወው። ምንም ይሁን ምን ግን መጀመሪያ ለእኔ ደውል፤ ከሰው እንዳልሰማ።»

ታክሲው ስታዲየም ጋ መንገዱ ተዘግቶበት ቆመ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ስለ ኳስ ያወራል፤ ከኪዱ አጠገብ የተቀመጠች ልጅ ስልኳ ላይ እየሳቀች ነው። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው «ወራጅ አለ!» ብሎ ወረደና በእግሩ ሮጠ። ሜክሲኮ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በሩ ላይ መታወቂያውን ለጥበቃው አሳይቶ ገባ።

የተቀበለው መቶ አለቃ ተስፋለም የሚባል ወጣት መኮንን ነው። ወንበር ሰጠው፤ ውሃ ይጠጣ እንደሆን ጠየቀው። ደግነቱ ኪዱን ይበልጥ አስፈራው።

«በሕይወት አለች?» አለ ኪዱ፣ ሳይቀመጥ።

መኮንኑ ደነገጠ። «እንዴ! አለች እንጂ! ምን ነገሩዎት?»

«ምንም አልነገሩኝም።»

«ይቅርታ ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ።» መቶ አለቃው ከወንበሩ ተነሳ። «ባለቤትዎ ደህና ናት። ለትምህርት ተመርጣ ነው፤ ዋስ ያስፈልጋታል። እርስዎን ነው ያስመዘገበችው።»

ኪዱ አሁን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያ ሐሳቡ አማቱ ነበሩ፤ ደወለላቸውና «ደህና ናት እማማ፣ ለትምህርት ተመርጣ ነው» አላቸው። «ተመስገን» አሉ፤ ቀጥለውም በሹክሹክታ «አሁን ስማችንን ሊጠሩ ነው፣ ዝጋው» አሉት።

ቅጹን ማንበብ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የማደንዘዣ ትምህርት፣ ሁለት ዓመት ተኩል፣ ቢሾፍቱ። ስትመረቅ ሰባት ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ ታገለግላለች፤ ዋሱም ለዚህ ኃላፊነት ይወስዳል። ከታች የሩቲ ፊርማ አለ። ቀኑን ሲያይ ሁለት ወር አልፎታል። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተነጋግረዋል፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሁለት ዓመት ተኩልና ሰባት ዓመት። ሉሊ ያኔ አሥራ አራት ሊሞላት ጥቂት ነው የሚቀራት።

«አሁን መፈረም አለብኝ?»

«እስከ ዓርብ ነው ጌታዬ። ካልፈረሙ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

«ሳላነጋግራት አልፈርምም።»

መቶ አለቃው ትንሽ አሰበና በመሥሪያ ቤቱ መስመር መልእክት ሊያደርስላት ቃል ገባለት።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ጀማነሽ ቁልፍና ወረቀት ይዘው ቤት ጠበቁት። «ማመልከቻውን አሳየኋቸው። ምድር ቤቱ አልቋል አሉኝ። ሦስተኛ ፎቅ ነው የደረሰን» አሉ፤ እንደ ጥፋተኛ አንገታቸውን ደፍተው።

ሩቲ የደወለችው ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ኪዱ ሉሊን ከመዋዕለ ሕፃናት ይዞ ኡራኤል ታክሲ እየጠበቀ ነበር።

«ኪዱዬ፣ ሰማሁ። አስደነገጡህ አይደል?»

ድምጿን ሲሰማ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ መጣ። «እኔ ሞተሻል ብዬ ነው ያደርኩት ሩቲ። አንቺ ግን ሁለት ወር ሙሉ ደበቅሽኝ። ስድስት ዓመት ነው አላልሽኝም?»

«ብዬሃለሁ።»

«ታዲያ?»

ከጀርባዋ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። «አንድ የቆሰለ ልጅ እጄ ላይ ሞተብኝ» አለች። «ጥቅምት ላይ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን ይችላል፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ግን አልነበረም። ወደ ከተማ ስንጭነው መንገድ ላይ አለፈ። እጄን እንደያዘ። ኪዱ፣ የሞተው ማደንዘዣ መስጠት ስላልቻልኩ ነው። ያን ቀን ነው ቅጹን የጠየቅኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ። አይሆንም ካልከኝ እንደምሰማህ ስለማውቅ።»

ሉሊ ሱሪውን እየጎተተች «እማ ናት? እማ ናት?» ትላለች።

«ቢሾፍቱ ቅርብ ነው» አለች ሩቲ። «ተረኛ ካልሆንኩ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ የት እንደሚመድቡኝ ግን አላውቅም፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ካልፈረምክም አልቀየምህም። በቃ፣ እወጣለሁ።»

«እውነት አትቀየሚም?»

«አንተን አልቀየምም» አለች። አንተን የሚለውን ቃል ጫን አድርጋ ነው ያለችው፤ ራሷን እንደምትቀየም ኪዱም ገባው።

ስልኩን ለሉሊ ሰጣት።

ዓርብ ጠዋት ሜክሲኮ ሄዶ ፈረመ። መቶ አለቃው እንኳን ደስ አለዎት ሲለው ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ወጥቶ አደባባዩ ዳር ቆመና ሥራ መግባት እንዳለበት እያወቀ ብዙ ታክሲ አሳለፈ። ትክክል ይሁን ስህተት አላወቀም። ያወቀው አንድ ነገር ቢኖር ባይፈርም ኖሮ ሩቲ እጅ ላይ የሞተው ያ የማያውቀው ልጅ ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው ይገባ እንደነበር ነው።

በወሩ አራብሳ ገቡ። ቤቱ በርና መስኮት አለው እንጂ ውስጡ ገና ሲሚንቶ ነው። ወይዘሮ ጀማነሽ ደረጃውን በየፎቁ እያረፉ ወጡ፤ ከወጡም በኋላ ለሁለት ሳምንት አልወረዱም።

ቢሾፍቱ ትምህርት የጀመረችው ሩቲ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣች፤ ከስታ፣ ጠቁራ። ሉሊ መጀመሪያ ከኪዱ ጀርባ ተደበቀች፤ ወደ ማታ ግን እናቷ ጭን ላይ ተኝታ ተገኘች። እሁድ ባልና ሚስት የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ቀለም ቀቡ፤ ስለ ቀለሙ ተጨቃጨቁ፤ ሳቁ። አሥር ሰዓት ላይ ቦርሳዋን ስታነሳ ሉሊ «ነገ ትመጫለሽ?» አለቻት።

«ቅዳሜ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሉሊ ሳምንቱን ሙሉ በየጠዋቱ «ዛሬ ቅዳሜ ነው?» እያለች አባቷን ጠየቀች። ቅዳሜ ሲደርስ ሩቲ ተረኛ ሆና ቀረች። ኪዱ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ከእጁ ሳያወርድ፣ ልጁን መስኮቱ ጋ ይዞ ዋለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች።