አብሮ ገብቶ ብቻ መውጣት

ወፍ መቁጠር አትችልም። ባሌ የወፍ ፎቶ አንሺ ነው፤ ሙያው የቆመው በዚህ ላይ ነው። ወፏ ሁለት ሰዎች ጎጆዋ አጠገብ ወደተተከለች መደበቂያ ድንኳን ሲገቡ ታያለች፤ አንዱ ሲወጣ ታያለች፤ “እፎይ፣ ሄዱልኝ” ብላ ወደ እንቁላሎቿ ትመለሳለች። ውስጥ የቀረው ሰው ሌንሱን በቀዳዳ አሹልኮ ያነሳታል። ሲጨርስም ብቻውን አይወጣም። ባዶ ነው ካለችው ድንኳን ሰው ብድግ ሲል ያየች ወፍ ጎጆዋን ጥላ ልትጠፋ ትችላለች። ስለዚህ ያ የወጣው ሰው ተመልሶ ይመጣና ያወጣዋል።

ያ የሚወጣው ሰው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እኔ ነኝ።

ሰው “ታድለሽ፣ አገር ላገር ዞርሽ” ይለኛል። አዎ፣ ዞሬያለሁ፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ። ባሌ ገደል ጫፍ ላይ ንስር ሲያነሳ እኔ ገደሉ ሥር ሹራብ እሠራለሁ። ባሌ በረሃ ውስጥ ፀሐይ ስትወጣ ሲያነሳ እኔ ከጫማው አሸዋ አራግፋለሁ። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አሥራ አንድ ትልልቅ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አንዱም ላይ የለሁም፤ ብኖርማ ወፏ አትኖርም ነበር።

ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ አለ። ሐኪሙ ጭቃም ዳገትም በቃሽ አለኝ። ባሌም በልጃችን ማለልኝ፤ “ይቺን ሽመላ ላንሳና ይኼ የመጨረሻዬ ነው” አለ። አመንኩት። ሰው ሲደክመው ቶሎ ያምናል።

እናም ገና ጎሕ ሲቀድ ረግረጉ ውስጥ ገባን። እሱ ካሜራውን ከነመቆሚያው ተሸክሞ ከፊት፣ እኔ ታጣፊዋን በርጩማና የውሃውን ኮዳ ይዤ ከኋላ።

“ቀስ በይ፣ አዳልጦሽ እንዳትወድቂ።”

“ከወደቅኩ ወፏ ትደነግጣለች ብለህ ነው?”

“አንቺ ደግሞ!” ብሎ ድምፅ ሳያሰማ ሳቀ። ድምፅ ሳያሰሙ መሳቅ የሙያው አንዱ ክፍል ነው።

ድንኳኗ ሸምበቆ መሃል ናት፤ ለሁለት ሰው አትበቃም። ተቀመጠ፤ በርጩማውን አስተካከልኩለት። “ሦስት ሰዓት ላይ ነይ” አለኝ። ዚፑን ዘጋሁለትና እያነከስኩ ወደ መኪናው ተመለስኩ።

ስልኩን ይዞ አይገባም፤ አንዴ ጮኾበት ወፍ አስበርግጎበታል። መኪናው ውስጥ ቁርሴን ልበላ ስል ያ ስልክ ጮኸ። የባሌን ፎቶዎች የሚያትመው መጽሔት አዘጋጅ ነው፤ ትሑት ልጅ ነው።

“እትዬ፣ እንደምን አደሩ? ለጋሼ ይንገሩልኝ፤ የተራራው ጉዞ ጉዳይ አልቋል። ለሁለታችሁም ቲኬት ቆርጠናል።”

“ለሁለታችንም?”

“አዎ፣ ‘ያለ እሷ አይሆንልኝም’ ብለውኝ የለም እንዴ!”

“መቼ ነው ያለህ?”

“ባለፈው ሐሙስ።”

ባሌ የማለልኝ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ነው። መሐላው ሁለት ቀን አልሞላውም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ደሜ ፈላ ልበል? አልፈላም። እንደው ሰውነቴ ሁሉ ዝል አለ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አልተነሳሁም። መጠበቅ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ይቅመሰው አልኩ። እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ አንዴ ጉንዳን እግሩን ሲበላው እንኳ ወይ ፍንክች! አራት ሰዓት ሆነ። ስኳር እንዳለበት፣ ምሳው ያለውም እኔ ጋ እንደሆነ ትዝ አለኝ፤ አሁንም አልተነሳሁም። ክፋቴ ራሴን ገረመኝ። ካገባሁት ጀምሮ እንዲህ ጨክኜበት አላውቅም።

አምስት ሰዓት አለፍ እንዳለ ሽመላዋ ከሸምበቆው መሃል ክንፏን ዘርግታ ብድግ አለች። ከሥሯ ሰው ይሮጣል። ባርኔጣ የለ፣ ካሜራ የለ። የስድሳ ሁለት ዓመት ሰው ጭቃ ለጭቃ እየወደቀ እየተነሳ “አንቺ! አንቺ!” እያለ ይጮኻል።

ከመኪናው ወረድኩ። ቆሜ ሲያየኝ ባለበት ቀጥ አለ፤ ከዚያ እየተጎተተ መጣ።

“ምን ሆንሽ? የሆነ ቦታ የወደቅሽ መስሎኝ...”

“ምንም አልሆንኩም።”

“ታዲያ?”

“ሆን ብዬ ነው የቀረሁት። ስለ ተራራው ተደውሎልህ ነበር።”

አንገቱን ደፋ። መኪናው በር ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሆዴ ባባ። ለእኔ ሲል ወፏን አስበርግጎ ወጥቷል! በሃያ ስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወፍ በልጬ ተመረጥኩ። ይቅር በለኝ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

“እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ። ወድቃለች ብዬ ያሰብኩት አሁን አይደለም።”

“መቼ ነው?”

“ሦስት ተኩል ላይ።”

ሰዓቴን አየሁ። አምስት ከሩብ።

“እንቁላሉ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር” አለ። “ጫጩቷ ምንቃሯን ብቅ አድርጋ... ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ እያልኩ...”

“እኔ የት ነኝ ብለህ ነበር?”

“ጭቃው ውስጥ ተዘርረሽ።”

“እንደዚያ እያሰብክ ታነሳ ነበር?”

“እንደዚያ እያሰብኩ።”

ንዴቴን ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ሽመላዋ ሁለቴ ዞራ ተመልሳ ጎጆዋ ላይ አረፈች። እሱ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

“ጥሩ ወጣ?” አልኩት።

“ምኑ?”

“ፎቶው።”

“እንደዚህ ያለ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም” አለና ፊቱን በጭቃማ እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ዳቦውን አቀበልኩት። “ብላ፣ ስኳርህ ይወርዳል።”

እያላመጠ “በቃ” አለ። “ተራራውም ይቅር። ከእንግዲህ የትም አልሄድም።” በማንም አልማለም፤ ዓይኑን ሳየው ግን እውነቱን ነው።

ሃያ ስድስት ዓመት የለመንኩት ቃል ይኸው መጣ። ደስ ይለኛል ብዬ ትንሽ ጠበቅኩ። የመጣብኝ እንቅልፍ ብቻ ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጌ፣ እሱ ዳቦውን ሳይጨርስ፣ ጭቃ የጠጣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ተኛሁ።