ቀኑ የሚቀየረው ትኬት

እኔ እፀገነት ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ጋሼ ካላዩ የሚባሉት አጎቴ ግን አንደኛ ክፍልንም ያለፍኩ አይመስላቸውም። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ውቤ በረሃ ልብስ ይሰፋሉ። እኔ ሱቃቸው ቁጭ ብዬ የኮት ቁልፍ እተክላለሁ።

በጥር የእናቴ ታናሽ እህት አክበረት አስመራ ልትዳር ሆነ። እናቴ ትርሓስ እሷን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገቻት፤ ከተያዩ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። መንገዱ በጦርነቱ ስለተዘጋ ያለው አውሮፕላን ብቻ ነው። ሰርጉ እሁድ ነው፤ እናቴና ጋሼ ሐሙስ ሊበሩ ተወሰነ።

"አንቺ ቅመም፣ ሂጂና ሁለት ትኬት ግዢ። ርካሹን!" ብለው ላኩኝ።

ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለው ትኬት ቢሮ ባንኮኒ ላይ እትዬ የሺ የምትባል ሴት ነበረች። ትኬቱ ሁለት ዓይነት ነው አለችኝ። ርካሹ ቀኑ አንዴ ከተጻፈ አይነካም፤ ከቀረሽ ገንዘብሽም ቀረ። ትንሽ የሚወደደው ግን ከበረራው ቀን በፊት ከመጣሽ በነጻ ይቀየርልሻል።

አስቡት እስቲ! ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ቀበሌው ደግሞ በቅድሚያ ትኬት ካላየ ይለፍ አይጽፍም። ማህተሙን ጓድ ገብረዮሐንስ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍበትና የሳጥኑን ቁልፍ በኪሱ ይዞ ከተማውን ይዞራል። አምና ጎረቤታችን አቶ ኃይለማርያም ለልቅሶ ደሴ ሊሄዱ ማህተም ሲጠብቁ ሰልስቱ አልፏል። ታዲያ እንዲህ እየሆነ ቀኑ የማይቀየር ትኬት መግዛት ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

ለጫማ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ከመሀረቤ ፈታሁ። የዋጋውን ልዩነት ለመሙላት የበቃው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ለእናቴ የሚቀየረውን፣ ለጋሼ እንዳዘዙኝ ርካሹን ገዛሁ።

"ብር አቃጣይ!" አሉ ጋሼ፣ ስነግራቸው። "ቀን ለማስቀየር ገንዘብ ይከፈላል? ቀኑ በየማታው በነጻ አይደል እንዴ የሚቀየረው?"

"የከፈልኩት ከራሴ ነው!"

"ጫማሽ አፉን ከፍቶ ይስቃል፣ አንቺ ለአውሮፕላን ትለግሻለሽ!"

"ተይ ልጄ፣ አጎትሽን አትከራከሪ" አለች እናቴ። እሷ እንደሆነች ሁልጊዜ ተይ ነው።

ማክሰኞ ቀበሌ ሄድን፤ ነገ ኑ ተባልን። ረቡዕ ስንመለስ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል።

"ጓድ ገብረዮሐንስ ስብሰባ ሄዷል። ዓርብ ይመለሳል።"

"ማህተሙስ?" አልኩ።

"ሳጥኑ ውስጥ።"

"የሳጥኑ ቁልፍስ?"

"ኪሱ ውስጥ።"

"እኛስ?"

"እናንተ ውጭ።"

የእናቴን ትኬት ቀማኋትና ቁልቁል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በረርኩ፤ የተቀደደው ጫማዬ በየእርምጃው ጧ ጧ ይላል። እትዬ የሺ ልትዘጋ ስትል ደረስኩባት። ለቅዳሜ ቀየረችልኝ።

"የአጎቴንስ?"

"የሳቸውን እንኳ ተይው።"

ሐሙስ አውሮፕላኑ ሄደ፤ የጋሼ ትኬት ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ዓርብ ማህተሙ ተመታ። ከቀበሌው ደጃፍ እንኳ ሳንርቅ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ትርሓስ፣ ያንቺን ትኬት ቢሮ ወስደን በስሜ ይጻፉልኝ። ለሙሽራ ወንድም ሳይቆምላት ነውር ነው።"

እናቴም እጇን ትኬቱን ወዳሰረችበት የነጠላዋ ቋጠሮ ሰደደች! ደሜ ፈላ።

"ጋሼ! ቀን ይቀየራል አልኩ እንጂ ሰው ይቀየራል አልኩ?"

"ዝም በይ፣ ባለጌ!"

"አልልም! የማይቀየረውን ግዢ ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት!"

እናቴ ጫማዬን አየች። አውራ ጣቴ ወጥቶ አቧራ ለብሷል። ቋጠሮውን ልትፈታው ነው ስል ጠበቅ አደረገችው።

"ካላዩ" አለች፣ ቀና ብላ ጋሼን እያየች። "ልጅቷን ያዘልኳት እኔ ነኝ። ነገ እሄዳለሁ።"

ሄደችም።

ሰኞ ጋሼ አንድ ደንበኛ ኮት እየለኩት፣ እኔ ሌላ ኮት ይዤ ቁልፍ ስተክል፣ ምን ሲሉ ብሰማ ጥሩ ነው? "እኔ የሚቀየረውን ግዢ ብዬ ብልካት አይደል እህቴ ለሰርጉ የደረሰችው! ቁጠባ ማለት አርቆ ማየት ነው።"

መርፌዬን ኮቱ ላይ ሰክቼ ተነሳሁ። "እንግዲያው የጨመርኩትን ይክፈሉኝ። ጫማ ልገዛበት ነው።"

ደንበኛው ሳቀ። ጋሼም አብረው ለመሳቅ ሞከሩ። እኔ አልሳቅኩም፤ እጄን ዘርግቼ እዚያው ቆምኩ። እጃቸው ኪሳቸው እስኪገባ ድረስ ያ ኮት ሁለት ቁልፍ እንደጎደለው ቆየ።