የጋሼ ተክለ ማርያም ብልቃጥ

ሰብለወንጌል ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ግን ሳይጠሩት የሚመጣ ዓይነት ነው። በሰው አገር፣ ቦከንሃይም በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩትን ጋሼ ተክለ ማርያምን በየሐሙሱ እየሄደች ትጠይቃለች፣ ቤት ታጸዳለች፣ ደብዳቤ ታነብላቸዋለች። ዓይናቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት አልፏል።

ጋሼ በጉልምስናቸው ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዟት የቻይና የሱረት ብልቃጥ አለቻቸው፤ ጄድ ከሚባል የከበረ ድንጋይ የተፈለፈለች፣ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ። ሱረት ቀምሰው አያውቁም። ብልቃጧ አበባ የላት፣ ወፍ የላት፤ ልሙጥ ናት።

"በቅርጽ የሚሸፍኑት ድንጋዩ እንከን ሲኖርበት ነው" ይላሉ፣ በአውራ ጣታቸው እያሻሿት። "ንጹሕ ሲሆን እንዲሁ ይተዉታል። እንደዚህ አገር ቢሮ ሽቴምፕል፣ ማኅተም በማኅተም፣ አያበዙበትም።"

ሰብለ ትሰማለች እንጂ አታዳምጥም። በልቧ "ምስኪን፣ ጌጥ ያለውን መግዛት አቅቷቸው ነው" ትላለች። በእኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ዋንጫም ሆነ ጽዋ ስም ካልተቀረጸበት መታሰቢያ አይባልም። ሰማንያ ዓመት በሞላቸው ዕለት ጠዋት፣ እሳቸው ገላቸውን ሲታጠቡ፣ ብልቃጧን ከመደርደሪያው አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ላይፕሲገር ሽትራሰ የሚባል ጎዳና ላይ ወዳለ ድንጋይ ቀራጺ በረረች። ሰውዬው "እርግጠኛ ነሽ?" ብሎ ሁለቴ ጠየቃት። ለሥራ የሰነፈ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ የአገር ልጆች ማኅበር ሰዎች ለልደታቸው ቤታቸው ተሰበሰቡ። ሰብለ ብልቃጧን እጃቸው ላይ አኖረች። በአንድ ጎኗ መስቀል፣ በሌላው "ተክለ ማርያም ፹ ዓመት" ተቀርጾባታል። ሰው አጨበጨበ።

አውራ ጣታቸው ድንጋዩ ላይ መሄድ ጀመረና ቆመ።

"ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉ። "እስቲ የኔዋንም ከመደርደሪያው አቀብዪኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ልያዛቸው።"

ሰብለ ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ለምን እንደሄደች እሷም አታውቅም፤ ባዶነቱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። "አጣኋት፣ ሌላ ቀን እፈልግልዎታለሁ" ልትል አፏን ከፈተች። ለማያይ ሰው መዋሸት እንዴት ይቀላል! ይህን ማሰቧ ራሱ አሳፈራት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ጋሼ፣ ያቺው ናት" አለች። "እጅዎ ላይ ያለችው።"

ጋሼ ብልቃጧን ደጋግመው አገላበጧት፤ ያልተነካ ቦታ እየፈለጉ መሆናቸው ገባት። በመጨረሻ መስቀሉን ተሳለሙት፤ መስቀል ነውና ምን ይበሉ።

"ስሜንማ ሳይጻፍም አውቀዋለሁ፣ ልጄ" አሉ።