ፕሮፌሰሩ የደበቁት ማርክ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት የተጨመረች ቃል ከተገኘችበት የጻፍኩበት ጣት ይቆረጥ። የሚጠራጠር ካለ ቴክሳስ ድረስ ሄዶ ኤሊሴዮ ካንቱን ይጠይቅ። አንዴ ወሬ ከጀመረለት ቶሎ ባይለቀው ግን እኔን እንዳይወቅስ።

ኤሊሴዮ በድንበሩ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሥራው ገና ሳይመረቁ የኮሌጅ ኮርስ የሚወስዱትን ልጆች መደገፍ ነው ይባላል። እሱን ከጠየቃችሁት ግን ኮሌጁን በትከሻው ያቆመው እሱ ነው። የተማሪ ውሸት ደግሞ ከሌላ ክፍለ ሀገር ይሸተዋል።

በመጨረሻው ሴሚስተር የሸተተችው ናዬሊ ጋርሳ ናት። የቀራት አንድ የኮሌጅ ታሪክ ኮርስ ነበር። ካለፈችው፣ ከሁለተኛ ደረጃው ጋር የኮሌጅ ዲፕሎማም ይዛ ትወጣለች፤ ከወደቀች ደግሞ ኤፏ ዕድሜ ልኳን ይከተላታል። ያለ ኤፍ ማቋረጥ የሚቻለው እስከ ዓርብ ነው። ልጅቱ ግን ኤሊሴዮ ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር ላፕቶፗን ትከድናለች።

«ማርክሽ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ሚስተር።»

«ደህና ማርክ ይከደናል እንዴ?»

«የኔው ብርድ ይፈራል» አለች። ጓደኞቿ በሳቅ ፈረሱ።

ኤሊሴዮ አልሳቀም። የታሪክ ኮርሱን ለሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ደወለ።

«ተማሪዋ ካልፈቀደች፣ እንዲህ የምትባል ልጅ ክፍሌ ውስጥ መኖሯንም አልነግርዎትም» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሕጉ ነው። አባቷም ቢደውሉ መልሴ ያው ነው።»

ሕግ! ኤሊሴዮ ሕጉን ካወጡት ሰዎች በላይ ያውቀዋል። ግን ጥሩ ማርክ ማን ይደብቃል? ኤ ያገኘች ልጅ ስሟ ሲነሳ ማን ያንሾካሹካል? በዚያ ዝምታ ውስጥ ኤፍ ስትጮኽ በጆሮው ሰማት። አባቷ ዶን ሬፉሂዮም «ለኔም አሳይታኝ አታውቅም» ሲሉት፣ ጥርጣሬው ከወንዙ ሰፋ።

ዓርብ ዕለት ኮሪደር ላይ አስቆማት።

«ሁሉንም ነግረውኛል።»

«ማን?»

«ፕሮፌሰሩ ናቸዋ! ዝም ብለሽ አቋርጪ፤ ስምሽ ሳይበላሽ።»

ልጅቱ ፊቷ አመድ መሰለ። አልተከራከረችም፤ እንባዋን እየጠረገች አብራው ሄዳ የማቋረጫውን ቅጽ ፈረመች። ኤሊሴዮ እንደሚለው የኮሌጁ በር ሊዘጋ ሲል በትከሻው ደግፎ ያዘላት፤ ፕሮፌሰሩም ይህን አይተው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ይህን ሁሉ የተረከው በናዬሊ የምረቃ ድግስ ላይ፣ ጓሮው በጥብስ ጭስ ታፍኖ ሳለ ነው። አክስቷ «የሰው ልጆች ሁለት ሁለት ዲፕሎማ ይዘው ሲወጡ የኛዋ ምነው አንድ ብቻ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ተርኮ ሲጨርስ እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ።

«ማኤስትሮ፣ መምህራችን፣ እግዜር ይስጥልን!» አሉ ዶን ሬፉሂዮ፤ ትልቁን ጎድን በመቆንጠጫ ብድግ አድርገው። «ይቺን ለእርስዎ ነው ያስቀመጥኳት።»

ናዬሊ ለእንግዶቹ ቶርቲላ የሚባለውን ቂጣ እያዞረች ነበር። እሱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ሚስተር፣ ባለፈው ሳምንት ፕሮፌሰሩን አግኝቻቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ምንም አልነገርኳቸውም አሉኝ። ቢ ነበረኝ። ስክሪኑ ላይ በየቀኑ አየው ነበር። እርስዎ ሁሉንም ነግረውኛል ሲሉኝ፣ የተሳሳተው ስክሪኑ መሰለኝ።»

«ታዲያ ለምን ትከድኚዋለሽ?»

«እርስዎ ስክሪናችን ላይ ያዩትን የሁላችንንም ማርክ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ያነቡ ነበራ።»

ቶርቲላ አስቀመጠችለትና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች። ዶን ሬፉሂዮ ጎድኑን እንዳንጠለጠሉ ቀሩ።