ቤት ያደረው ቅጂ

"እምቢ አለኝ! ባዶ ነው!" አለች እትዬ ገመድ፣ የመጠባበቂያውን ዲስክ ነቅላ መልሳ እየሰካች። የፋይሎቹ ስም ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል፤ ሲከፈቱ ግን ውስጣቸው ምንም የለም።

የሆስፒታሉ ሰርቨር ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ጭስ ጭስ ሸቶ ጸጥ አለ። የበሽተኞቹ መረጃ ሁሉ አብሮት ሄደ። የኮምፒውተር ክፍሉን የምትመራው እሷ ናት። ከትከሻዋ የኬብል ጥቅል ስለማይጠፋ ነርሶቹ "እትዬ ገመድ" ብለው ስም አወጡላት፤ ዛሬ ግን የሚቀልድባት የለም። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"እትዬ፣ ምን ላይ ደረሳችሁ?" አለች የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ነርስ። "ለቀዶ ሕክምና የገባችው ሴትዮ ራሷን አታውቅም። ባለፈው እዚሁ ስትታከም አንድ መድኃኒት ሊገድላት ነበር ይላል ባሏ፤ የትኛው ቢሉት አያውቀውም። ሐኪሙ ማደንዘዣ ለመስጠት ፈርቷል።"

"ትንሽ ጠብቁኝ፣ የኔ እህት።"

"እኛስ እንጠብቅ ነበር፤ የማትጠብቀው እሷ ናት።"

ስልኩን ሳታስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ ከበሩ ላይ ጠቀሳት። ኮሪደሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መብራት ነው ብለሽ ታምኛለሽ? መብራት ስንቴ ጠፍቶብናል! ይሄ የሰው እጅ አለበት። ያ ሰውዬ ከእህትሽ ጋር ከተፋታ ወዲህ አንቺን ለማዋረድ የማይምሰው ጉድጓድ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እወቂበት።"

እሷም ከጠዋት ጀምሮ የምታብሰለስለው ይህንኑ ነበር። የእህቷ የቀድሞ ባል እዚሁ ክፍል፣ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ይሠራል። ያስቀጠረችው እሷ፤ ሲፋቱም ሽማግሌዎቹ ፊት ለእህቷ ያደላችውም እሷ። ድሮ "አንቺ" እያለ የሚያሾፍባት ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ "እርስዎ" ይላታል፤ አክብሮቱ እንደ በረዶ ነው። ዛሬ ጠዋትም ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ ጃኬቱን አንስቶ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳይል ውልቅ ብሎ ሄደ።

ወደ ክፍሏ ስትመለስ እዚያው አገኘችው። ላብ በላብ ሆኗል። በካልሲ የተጠቀለለች ትንሽ ዲስክ ከኪሱ አወጣ።

"ይሄን ይሞክሩት፣ እትዬ። የትናንት ቅጂ ነው።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ከቤቴ።"

ደሟ ፈላ። "የበሽተኛ ምስጢር ቤትህ ታስቀምጣለህ? ደግሞስ ጠዋት ሳትናገር እብስ ያልከው ለምንድን ነው?"

"ብናገር ይለቁኝ ነበር?"

አትለቀውም ነበር። ቢሆንም እጇ ወደ ዲስኩ አልሄደም። ሰርቨሩን የገደለ ሰው የቀረውንም የሚያጠፋ ነገር ይዞ ቢመጣስ? ከመደርደሪያው ሥር ከምንም ጋር ያልተገናኘ አሮጌ ላፕቶፕ ጎትታ አወጣችና ዲስኩን እዚያ ላይ ሰካችው።

"አላመኑኝም ማለት ነው።"

"አላመንኩህም።"

ፍተሻው እስኪያልቅ ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። ቫይረስ አልነበረበትም። የሴትዮዋን ስም ጻፈች፤ መረጃዋ ከነማስጠንቀቂያው ተከፈተ። ነርሷ ጋ ደውላ የመድኃኒቱን ስም ፊደል በፊደል አነበበችላት። "ሰማሁ፣ ሰማሁ!" አለች ነርሷ፤ ስልኩ ተዘጋ።

መረጃውን ወደ ሌላ ተጠባባቂ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመሩ። እትዬ ገመድ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ጠየቀችው።

"ለምን ቤትህ ወሰድከው?"

"ስላላመንኩሽ ነዋ!" አለ። "አንቺ" ማለቱን ራሱም አላስተዋለም። "ቅጂሽ ሁልጊዜ 'ተሳክቷል' ይላል፤ አንድ ቀን ከፍተሽ ስታይው ግን አላየሁም። ብነግርሽ ደግሞ በሚስቱ ነገር ቂም ይዞ ነው ትያለሽ።"

"እል ነበር" አለች ቀስ ብላ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ። የተጠራው ባለሙያ ሰርቨሩን ከፍቶ የተቃጠለውን ክፍል አሳያቸው፤ መብራቱ ሲመለስ በኃይል መጥቶ ያነደደው ነው፤ የሰው እጅ የለበትም። ሴትዮዋም ከቀዶ ሕክምና በሰላም ወጣች። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በርቶ መጣ።

"መጠባበቂያችን ጉድ አላደረገንም በይኛ!"

"የኛው ባዶ ነበር፤ ሳልፈትሸው የኖርኩትም እኔ ነኝ" አለች። "ያወጣን የሱ ነው።"

"ቤቱ የወሰደው? ያለ ፈቃድ? እንዲህማ ከሆነ ይጠየቃል!"

"አብረን እንጠየቃለን።"

ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየና ወጣ። የእህቷ የቀድሞ ባል ዲስኩን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። ቀድማው አነሳችው።

"ይሄ ቤት አይመለስም፤ የሰው ገበና ነው።" የብረቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብታ ቆለፈችና ቁልፉን ሰጠችው። "ቁልፉ አንተ ጋ ይሁን። ለዲስኩ የማወጣለት የይለፍ ቃል እኔ ጋ። ከነገ ጀምሮ እኔ የገለበጥኩትን አንተ ከፍተህ ታየዋለህ፣ አንተ የገለበጥከውን እኔ።"

"አመንሽኝ ማለት ነው?"

"ማን እንዲህ አለህ?"

ሳቅ ሊያመልጠው ሲል ዋጠው። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እሷ የቁም ሳጥኑን እጀታ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ ተቆልፏል። እሱም ተነሳና ደግሞ ሳበው።